የመርከበኛውና የልብስ ሰፊው ክርክር

ክብሪት ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው የጋሼ መነጽር ከወረቀቱ ላይ ዘሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ልብስ ሰፊው ካሜራውን ያላንቀሳቀሰው ስለማያውቅ አይደለም» አለች። «ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ነው። ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ ተኳርፈው ይውላሉ። ታዲያ ካሜራው ምን ሊያሳድድ ይሂድ?»

«እኔም ስጽፍ የኖርኩት ይህንኑ ነበር» አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን ለማንሳት ጎንበስ እያሉ። «አንቺ ግን ‹የደነዘዘ ካሜራ› ብለሽ ሳቅሽብኝ። ተማሪዎችሽንም አሳቅሽብኝ።»

«ዛሬ የልብስ ሰፊው ጠበቃ እኔ ነኝ። አያቋርጡኝ።»

የሲኒማ ቤቱ ሽልማት ልማድ እንዲህ ነበር። ዳኞች በመጨረሻው ቀን ወንበር ይቀያየራሉ፤ እያንዳንዱ ሲቃወመው ለከረመው ዳይሬክተር ጥብቅና ይቆማል። ድምፅ የሚባል ነገር አይቆጠርም። ወይ ይስማማሉ፣ ወይ ሽልማቱ አይሰጥም። በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን፣ ሁለት ትልልቅ ፊልሞች በአንድ ዓመት የወጡ ጊዜ፣ የዚያን ጊዜዎቹ ዳኞች ተጣልተው ተበተኑ፤ የዚያ ዓመት ሽልማትም ያለ ባለቤት ቀረ። ሁለቱ ዳይሬክተሮች ዋንጫውን ሳያዩት ሞቱ። አንዱ ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት መርከብ ላይ ይሠራ ስለነበር መርከበኛው ይባላል፤ ከተማ የሚያጥለቀልቅ ጎርፍ ቀርጿል። ሌላው ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሱ የቀረጸው አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ከየፊልሙ በዓለም ላይ የቀረው አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም የሚገኙት በዚሁ ሲኒማ ቤት መጋዘን ነው።

ቤቱን በቅርቡ የገዙት ሰዎች ያለ ባለቤት የቀረውን ሽልማት ለሲኒማ ቤቱ ምረቃ ፈለጉት። ለዳኝነትም ሁለቱን የማይታረቁ ሰዎች ጠሩ። ክብሪት የፊልም መምህርት ናት፤ ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው፣ ገና ሲነኳት ትጫራለችና። ጋሼ ደግሞ ጡረታ የወጡ የጋዜጣ ዓምደኛ ናቸው። እሷ ለመርከበኛው፣ እሳቸው ለልብስ ሰፊው፣ በጋዜጣና በመጽሔት ሲዘላለፉ ኖረዋል። ያሸነፈው ፊልም ወደ ማደሻ ተልኮ እንደ አዲስ እንደሚታተም ተነግሯቸዋል። የተሸነፈው ምን እንደሚሆን ግን አልጠየቁም። መከራከር ሲጀምሩ ሌላ ነገር መጠየቅ የሚረሱ ሰዎች ናቸው።

«ሚስትየዋ መስኮቱን ስትዘጋ አይተዋታል?» አለች ክብሪት። «ትናንት ሳየው እዚያ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቤቱን ለቆ እንደሚሄድ ማንም አይነግረንም። እናውቃለን። መርከበኛው ይህን ለመናገር ግማሽ ከተማ ያሰጥም ነበር።»

ይህን ተናግራ ራሷም ደነገጠች። ለጥብቅና ብላ ጀምራው እውነቷን ሆነ። በጠረጴዛው ራስ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ነበር። ወደ እሷ አላየም፤ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ።

«እረፍት እንውሰድ» አለ በትሕትና። «ከዚያ በኋላ ግን እንጨርሳለን። ዛሬ።»

ክብሪት ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዋን መታው። አሮጌ ፊልም ሲበሰብስ የሚሸተው እንደዚያ ነው፤ ታውቀዋለች። የማታውቀው የመጋዘኑን በር ክፍት ሆኖ ማየት ነበር። ሁልጊዜ የሚቆለፈው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ክብ ክብ የፊልም ጣሳዎች ግድግዳውን ተደግፈው በሁለት ክምር ተደርድረዋል። ግቢው ውስጥ የኋላ በሯ የተከፈተ የጭነት መኪና ቆማለች። ሹፌሩ ጓንት አጥልቆ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«ምን ልትጭን ነው የኔ ወንድም?»

«አንዱን ክምር።»

«የትኛውን?»

«እኔ ምን አውቄ። እላይ ያሉት ሰዎች ተከራክረው ሲጨርሱ ይነገርሃል ነው ያሉኝ።» ሳቅ አለ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ምን ዓይነት ክርክር ነው?»

«ወዴት ነው የምትወስደው?»

«ማቅለጫ ቤት። እንዲህ ዓይነት ፊልም ላይ የብር ማዕድን አለበት አሉ። ያጥቡትና ማዕድኑን ያስቀራሉ። የቀረው ያው ይቃጠላል።» ስለ ድንች ጭነት የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ክብሪት ጣሳዎቹን መልሳ አየቻቸው። ዞር ስትል ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሟል። ሲመጣ ኮቴውን አልሰማችም።

«ክፍሉ ያስፈልገናል» አለ፣ ሳትጠይቀው። «ሁለቱን ማኖር አንችልም። ደግሞ ክርክሩ እስካልተዘጋ ድረስ አንዱም ጣሳ ከዚህ ቤት አይወጣም ይላል፣ የሽልማቱ የድሮ ደንብ። ዳኞች መልሰው ማየት ቢያምራቸው ተብሎ ነው። ቤቱን ስንገዛ ደንቡንም አብረን ገዛነው።»

«ለሌላ መጋዘን ስጡት። ለትምህርት ቤቴ ስጡት፤ እኔ በጀርባዬ ተሸክሜ እወስደዋለሁ።»

«ተሽጧል መምህርት።»

«ማን እንደሚሸነፍ ሳይታወቅ?»

«ለገዢው ያው ነው።» ቀጥሎ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «እህትዎ እኛ ጋ ቲኬት መስኮት ላይ ናቸው አይደል? ጎበዝ ሠራተኛ ናቸው። ከምረቃው በኋላ ሠራተኛ እንቀንሳለን፤ የሳቸው ነገር ግን የሚያሳስብ አይመስለኝም» አለ። ፈገግ ብሎ አለፋት።

ክብሪት ፊቷ ጋለ። በሌላ ቀን ቢሆን ኮሪደሩን በጩኸት ታናውጠው ነበር። እህቷ ግን ከቲኬት መስኮቱ በኩል ፈጠን ፈጠን እያለች መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

«እትዬ፣ ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ብሎ ነገር የለም፣ ጆሮሽ ቀልቷል። እባክሽ ዛሬን እንኳ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ። ሁለት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ? ባለቤቴ እንደሆነ ሥራ ከፈታ ስንት ጊዜው።»

«ምን አልኩ እኔ?»

«ገና አላልሽም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።» እህቷ ድምፅዋን ቀነሰች። «ከሁለት የሞተ ሰው አንዱ ቢሸለም ምናለበት? አንዱን በይና ወደ ቤት እንሂድ።»

ክብሪት የእህቷን የአንገት ልብስ አስተካከለችላትና ወደ ላይ ወጣች። ደረጃው ላይ ሽታው ተከትሏት መጣ።

ጋሼ በቦታቸው ነበሩ። ተራው የሳቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጣጥሉት ለኖሩት ለመርከበኛው ጥብቅና መቆም አለባቸው። ሲጀምሩ እያንገራገሩ ነበር። ቀስ በቀስ ግን እጃቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በጎርፉ መሀል ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ስለሚንሳፈፈው ሽማግሌ ሲያወሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ከዚያ በድንገት አቆሙ።

«አይ» አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «ራሴን አሳመንኩት። በቃ ተሸነፍኩ ልጄ። ያ ሽማግሌ ብቻውን ይበቃል። ዋንጫውን መርከበኛው ይውሰደው።»

ክብሪት ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝታለች። እንዲያውም የምትመልሰውን አዘጋጅታ ነበር፤ የሚያሳርር መልስ። አሁን ግን በመስኮቱ ወደ ግቢው፣ ወደ ጭነት መኪናዋ አየች። ሥራ አስኪያጁ የደፋውን ስልክ አነሳ።

«እንግዲህ ተስማማችሁ» አለ።

«ቆይ» አለች ክብሪት። «ማን ተስማማ? እኔ ልብስ ሰፊው ይገባዋል ነው የምለው።»

ጋሼ አፍጥጠው አዩአት። ከዚያ ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። «ከልብሽ ነው? እንግዲያውስ ምን ቸገረኝ፣ በልብስ ሰፊው እንስማማ። እኔ እሱን አልጠላ።»

ስልኩ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ መጠጋት ጀመረ።

«በሱም አልስማማም» አለች ክብሪት።

«አብደሻል እንዴ? በየትኛው ነው ታዲያ የምትስማሚው?»

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። ግቢው ውስጥ መኪና ቆሟል። እኛ አሸነፈ የምንለው ይታደሳል፤ ተሸነፈ የምንለውን ዛሬውኑ ማቅለጫ ቤት ይወስዱታል። አጥበው ያቃጥሉታል። ሌላ ቅጂ እንደሌለ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ክርክራችን እስካልተዘጋ ድረስ ግን፣ በደንቡ፣ አንድም ጣሳ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ጋሼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«ይህ የዳኞች ጉዳይ አይደለም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እውነቷን ነው ወይ አልኩህ እኮ።»

«ክፍሉ ያስፈልገናል።»

 ከታች፣ ከቲኬት መስኮቱ አካባቢ፣ የክብሪት እህት ሳቅ ይሰማል፤ ከደንበኛ ጋር ትቀልዳለች። ሥራ አስኪያጁም ሰማው። ክብሪትን እያየ አንገቱን ወደ ሳቁ አዘነበለ። 

ጋሼ ይህን አይተው ነበር። ወንበራቸውን ወደ ክብሪት አስጠጉ።

«እኔ ጡረተኛ ነኝ» አሉ ዝግ ብለው። «ከኔ የሚወስዱት የለም። ታች ያለችው ግን ያንቺ እህት ናት። በአንዱ ይስማሙ ካልሽኝ እስማማለሁ፤ ማንም አይፈርድብሽም፣ እኔም አልጽፍብሽም። ይከራከሩኝ ካልሽኝም እስኪመሽ፣ ከዚያም ነገ፣ ከዚያም ወዲያ እከራከርሻለሁ። የምትመርጪው አንቺ ነሽ።»

«ነገ ሌሎች ዳኞች ልንሾም እንችላለን» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሹሙ» አሉ ጋሼ። «እስከዚያ ዳኞቹ እኛ ነን።»

ክብሪት የወንበሯን መደገፊያ ይዛ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ያላመነችበትን ተናግራ አታውቅም፤ የተጣላቻቸው ሰዎች ሁሉ፣ ያጣቻቸው ሥራዎችም ሁሉ፣ በዚህ ምክንያት ነው። አሁን የሚጠበቅባት ደግሞ፣ ክርክሩ እንዳይዘጋ፣ የምትወዳቸውን ሁለቱን ፊልሞች እያፈራረቀች በሐሰት መስደብ ነው። እስከ መቼ እንደሆነ አታውቅም። ማታ እህቷ ቤት ስትገባ ምን እንደምትላትም አታውቅም። የታች ሳቅ ተቋርጦ የስልክ ጥሪ ተሰማ፤ እህቷ «አቤት፣ ሲኒማ ቤት» ስትል ሰማቻት።

ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለች። ከዚያ ተቀመጠች።

«የጎርፉ ፊልም ድምፅ የማይረባ ነው» አለች።  «ውሃው ውሃ አይመስልም። ሽማግሌውም ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አላመንኩትም። በሉ ጋሼ፣ ይከራከሩኝ።»