የሲባጎ ሳሎን

ታምሲን የመጨረሻውን ችካል በመዶሻ ቀጥቅጣ ሲባጎውን ወጠረችና ቀና አለች። "ይኸው ሳሎንዎ፤ ይግቡ እንጂ፣ እማማ ሎርና።"

እማማ ሎርና ወንበራቸውን ተሸክመው፣ በር ይሆናል በተባለበት በኩል ዞረው ገቡ። ጫማቸውን ለመጥረግ ምንም አልቀራቸውም።

የሙንታ ከተማ መዳብ ቆፋሪዎች የሠሯት ይህች የድንጋይ ቤት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ግድግዳዋ ወፍራም፣ መስኮቷ መዳፍ የሚያህል ነው፤ በቀትርም መብራት ይበራባታል። የእማማ ሎርና ዓይን እየደከመ ስለመጣ ልጃቸው አዴላይድ ከተማ መጥተው እኔ ዘንድ ይግቡ እያለ ይነዘንዛቸዋል። እሳቸው ደግሞ ብርሃን ካገኘሁ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ብለዋል።

ታምሲን የነደፈችላቸው ከዚህችው ቤት ጀርባ የሚቀጠል፣ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ክፍል ነው። ከመንገድ ስለማይታይ የማዘጋጃ ቤቱ የቅርስ ሰዎች ሳያንገራግሩ ፈቀዱላት። አርክቴክት ከሆነች ወዲህ በራሷ ስም የሚሠራ የመጀመሪያ ሥራዋ ነውና ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በዚህ በሰኔ ብርድ፣ ሳይሠራ በፊት አንድ ቀን ይዋሉበት ያለችውም እሷው ናት።

ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ ይዛ ስትመለስ ወንበሩ ከሲባጎው ውጭ፣ ከቤቱ ጎን ተቀምጧል።

"ምነው ከሳሎንዎ ወጡ?"

"እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው" አሉና ተመለሱ።

አራት ሰዓት ላይም እዚያው ጎን ነበሩ። "ወፏን ልይ ብዬ ነው።"

አምስት ሰዓት ላይ ጭራሽ ጋዜጣቸውን ዘርግተዋል።

"አሁንስ እግርዎ ነው ወፏ?"

"ሄደችብኝ፤ እስክትመለስ ልጠብቃት ብዬ።"

ታምሲን ሳቀች። ከዚያ ሣሩን አስተዋለች፤ በሲባጎው ውስጥ ጤዛው ገና አልደረቀም፤ ወንበሩ ያለበትን ጎን ግን ፀሐይ አሙቆታል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ባለው በዚህ አገር የክረምት ፀሐይ በሰሜን በኩል ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው፤ ቤቷ ፊቷን ወደ ሰሜን ስላዞረች ጀርባዋ ጥላ ነው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እሷም ታውቀው ነበር፤ ፈቃዱ እንዳያመልጣት ብላ፣ ጣሪያውን ከፍ ካደረግሁት ይበቃል እያለች ራሷን ስታታልል ከረመች። አፈረች።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዲያ ደስ ብሎሽ ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ልጄ? ሹራብ ደርቤ እኖርበታለሁ ብዬ ነበር።"

"ለሹራብማ የድሮው ቤትዎ ምን አነሰው? እዚህ ጎን ከሠራን ግን ከመንገድ ይታያል። ማመልከቻው እንደ አዲስ ነው፤ እምቢም ሊሉን ይችላሉ።"

"ቢታይስ? እኔም እኮ ከመንገድ እታያለሁ፤ ማንም ፈቃድ አምጪ ብሎኝ አያውቅም።"

ታምሲን ተንበርክካ ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቀለች። እማማ ሎርና ቦታ ሊለቁላት ብድግ ሲሉ "አይነሡ፣ ባሉበት ይሁኑ" አለቻቸውና የመጀመሪያውን ችካል ከወንበራቸው እግር አጠገብ ተከለች።