የአጣቢዋ አማና

"ከእናትዎ ወይም ከእህቶችዎ የጡት ካንሰር የታመመ ሰው አለ?" አለች ዶክተር ሀና፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

"የለም" አለች አፊፋ።

ከሦስት ወር በፊትም ተጠይቃ ይህንኑ መልሳለች። ውሸት ሲደጋገም ይቀላል የሚል ሰው ካለ ዋሽቶ አያውቅም ማለት ነው። 

"የጡትዎ ሕመም ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። መጠኑን ቀንሼ ሌላ ዓይነት አዝዝልዎታለሁ። እብጠት ካገኙ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።"

አፊፋ አመስግና ተነሳች።

ያለፈውን ዓመት እንዴት እንዳሳለፈችው አላህና የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቿ ያውቃሉ። ሰው ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ እሷ ከጨርቅ ሱቋ በር ላይ ቆማ በካርቶን ታራግብ ነበር። ያደገችው አሊዩ አምባ ነውና "ቆላው ናፍቋት ተከትሏት መጣ" እያሉ ቀለዱባት። የወር አበባዋ ይጠፋና ሲመጣ ደግሞ አልሄድ ይላል። እንቅልፍም ራቃት። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አላት፤ ሌላው ጭንቀት ነው ብሎ የሚያፈዝ ኪኒን ሰጣት። ባሏ ያዕቁብ ምሳውን በዝምታ በልቶ መውጣት ለመደ። አንዲት ልጇን ጁወይሪያን፣ ለኒካህ የታጨችውን፣ ሻይ ደፋሽ ብላ በደንበኛ ፊት በጥፊ መታቻት። ያ ጥፊ እስከ ዛሬ የሚያመው አፊፋን ራሷን ነው።

ነገሩን በስሙ የጠራችው ዶክተር ሀና ናት፤ ማረጥ ሲቃረብ የሚመጣ የሆርሞን መዛባት ነው አለች። ያዘዘችላት ኪኒን ራስ ምታትና የጡት ሕመም ቢያመጣባትም ሙቀቱን አበረደላት፣ እንቅልፏን መለሰላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አፊፋ ግን የደበቀችው፣ የጡት ካንሰር በዘሩ ላለ ሰው ላይሰጥ ይችላል የተባለውን ይህን መድኃኒት እንዳይከለክሏት ነው።

እናቷ የሞተችው በጡት ካንሰር ነው። አገር ምድሩ የሳንባ ምች ነው ብሎ ቀበራት። ጀናዛውን ያጠቡት አፊፋና አክስቷ ዘምዘም ሲሆኑ፣ አስከሬኑ በሚታጠብበት መጋረጃ ውስጥ የቆሰለውን ጡት ያዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቷ ለማንም ሳትተነፍስ በጨርቅ ጠምጥማው ኖራለች። ያን ቀን አክስቷ ውኃውን እያፈሰሰች "አጣቢ ያየውን አያወራም፤ አማና ነው፣ አደራ" አለቻት። አፊፋም ቃሏን ሰጠች። ለያዕቁብ እንኳ አልነገረችም።

ዶክተሯ ስትጠይቃት ይህ ቃል ትዝ ብሏት ነበር። ግን ቃሉ ብቻ አልነበረም። ወደዚያ የሙቀትና የንዴት ዓመት መመለሱን ፈርታ፣ የእናቷን አማና ለገዛ ፍርሃቷ መሸፈኛ አደረገችው። ይህን ስታስበው ታፍራለች።

ጁወይሪያ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀቻት ነበር።

"ምን አለችሽ?"

"ለወጠችልኝ።"

"እሰይ። እንደ ድሮሽ ሆነሽልኛል እኮ፣ እማዬ።" ክንዷን ያዘቻት። "እኔ የምሠራበት ፋብሪካም የጤና ባለሙያዎች መጥተው ጡታችንን መረመሩን። በቤተሰብ አለ ወይ ሲሉኝ፣ የለም፣ አያቴም የሞተችው በሳንባ ምች ነው አልኳቸው። እንግዲያው አያሳስብሽም ብለው ሸኙኝ።"

 ልጅቷ የተናገረችው ከልቧ ነው፤ ውሸቱን ያወረሰቻት አፊፋ ናት። ስልክ ልደውል ብላ ወደ ግቢው ወጣች።

አክስቷ ዘምዘም አሊዩ አምባ ገበያ ላይ በርበሬዋን ዘርግታ ነበር። አፊፋ ሁሉንም፣ ለዶክተሯ ልትነግር ማሰቧንም ነገረቻት። ዘምዘም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተቆጣች።

"ዛሬ ለሐኪም፣ ነገ ለነርሷ፣ ከዚያ ለአማቾችሽ። በዘራቸው አለ ከተባለ ልጅቷን ማን ይወስዳታል? እኔና አንቺ አማና አለብን።"

"እህትሽ በሕይወት ብትኖር ከጁወይሪያ ትደብቀው ነበር?"

 ከስልኩ ውስጥ አንድ ሰው በርበሬው ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ ተሰማ፤ ዘምዘም ቆይ አለችው።

"እሷማ ለዚች ልጅ ነፍሷን ትሰጥ ነበር" አለች ወደ ስልኩ ተመልሳ። "እኔ ግን ንገሪ አላልኩሽም።" ስልኩን ዘጋችው።

አፊፋ ስልኩን ከተተች። ብርዱ ፊቷን ይገርፋታል፤ እንደ ሰው በርዷታል። ይህ ራሱ የመድኃኒቱ ውለታ ነው። ምናልባት ዛሬ ይወሰድባታል። ያ ሙቀት፣ ያ ንዴት፣ እጇ ሳታስበው የሚነሳባት ቀን ሊመለስ ይችላል። ፈርታለች፤ ቢሆንም ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ጁወይሪያ ቦርሳዋን አንግታ ብድግ አለች። "እንሂድ?"

አፊፋ አልፋት የዶክተሯን በር አንኳኳች። ዶክተር ሀና ቀና ብላ አየቻት።

"የረሱት ነገር አለ?"

"አልረሳሁትም" አለች አፊፋ። "ደብቄ ነው።"

ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ዞረች።

"ነይ፣ አንቺም ግቢ" አለቻት ልጇን። ያለውን አንድ ወንበር ለእሷ ሳበችላትና ራሷ ከጎኗ ቆመች።