ዝም አላልኩም

ሚያዝያ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ እንቅልፍ ሳይጥለው ማስተማር ቀላል ሙያ አይደለም። የጣሪያው ቆርቆሮ ግሎ ይንጣጣል፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ያልበው ይመስላል፤ በዚያ ሰዓት የሒሳቡም የፊዚክሱም መምህር ድምፅ ሳያውቁት እሹሩሩ ይሆናል። የእንግሊዝኛዋ መምህርት ናጅዋ አብዱረሂም ግን ዘዴ ነበራት። ተማሪዎቿን ታጨቃጭቃቸዋለች። እየተጨቃጨቀ የሚያንቀላፋ ሰው የለም።

የዚያ ሳምንት መጨቃጨቂያ አንድ አሮጌ የእንግሊዝ ልቦለድ ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ያገኘችው ነው፤ ሽፋኑንና የመጀመሪያ ገጾቹን ምስጥ ስለበላቸው ርዕሱንም ደራሲውንም የሚያውቅ የለም። ታሪኩ ግን ደህና ተርፏል። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት አጎቷ ቤት የምትኖር አንዲት ድሃ ልጃገረድ አለች። ባለ ርስት ጎረቤታቸውን ትወደዋለች፤ እሱም ይወዳታል። ሰውዬው አንድ ቀን ከአጎትየው ጋር ራት ይበላና ልጅቱን ለሚስትነት ይጠይቃል፤ አጎትየውም እሺ ይላል። ነገሩን ከቤቱ ሰው ሁሉ በኋላ የሰማችው ልጅቱ ናት። በማግስቱ ሰውዬው ደጅ ሄዳ፣ እንደምትወደው፣ ነገር ግን የጠየቀው እሷን ሳይሆን ሌላ ሰው መሆኑን ትነግረውና ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ራሷን ታኖራለች እንጂ፣ መጥቶ እሷኑ እስኪጠይቃት ድረስ አትመለስም።

ወንዶቹ ተማሪዎች በአንድ ድምፅ ፈረዱባት። ጥጋብ ነው አሉ። የምትወደው ሰው፣ ያውም ባለ መሬት፣ እጇ ከገባላት ማንን ጠየቀ ማንን ምን አገባት? ከኋላ ወንበር አንዱ ደግሞ ፌሚኒስት ስለሆነች ነው፣ እነሱ ባል አይወዱም ሲል ክፍሉ አጨበጨበለት። ናጅዋ እስኪጨርሱ ጠበቀችና፣ ባል የማትወድ ብትሆን ኖሮ መጽሐፉ ሃያኛው ገጽ ላይ ባለቀ፣ እናንተም ፈተናው በቀለላችሁ ነበር አለቻቸው። ከዚያ ቀልዱን ተወችው። ይቺ ልጅ ወንድም ትዳርም አልጠላችም፤ የጠላችው የራሷን ነገር ከሰው አፍ መስማቱን ነው አለች። ፌሚኒዝም የሚለው ቃል ካስደነገጣችሁ ቃሉን ተዉትና ፍሬ ነገሩን ያዙ፤ ሴት ልጅ ስለ ራሷ ሕይወት ትጠየቅ፣ ስትጠየቅም ትመልስ፣ ይኸው ነው አለች። በራሷ ተማምና ነው የተናገረችው፤ ድሮም ቢሆን የናጅዋ ችግር በራስ መተማመን ማጣት ሆኖ አያውቅም።

ይኼኔ ጠይባ እጇን አወጣች። ጠይባ የማንጎ ነጋዴዋ ልጅ ናት፤ ወሬ አታበዛም፣ ከተናገረች ግን ነገሩን ከሥሩ ነው የምትነቅለው።

«ቲቸር፣ በግንቦት ኒካሕዎ ከታሰረ በኋላ ማስተማር ሊያቆሙ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

«ማን አለ?»

«የሽማግሌዎቹ ሚስቶች ገበያ ላይ ሲያወሩ እናቴ ሰምታ ነው።»

ኒካሑን ናጅዋ ታውቀዋለች። ማስተማር ማቆሟን ግን ገና አሁን መስማቷ ነው። የመጽሐፏ ልጅ እንኳ ወሬዋን የሰማችው ከገዛ ቤቷ ነው፤ የሷ በሽማግሌ ሚስቶችና በማንጎ ገበያ በኩል ዞሮ መጣ። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ክፍሉ በሙሉ ነቅቶ መልሷን ይጠብቃል፤ ያን ቀን ያንቀላፋ አንድም ሰው አልነበረም። እውነት ሲሆን እኔ ራሴ እነግራችኋለሁ ብላ የቤት ሥራ ሰጠቻቸውና ወጣች።

አባቷ አብዱረሂም የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀምጦ አገኘችውና የሰማችውን ነገረችው። አብዱረሂም አልካደም። ይልቅ ገረመው። ጁሙዓ ሰግዶ የገባ ዕለት ራሱ ጠርቶ ጠይቋት የለም እንዴ? የያሕያ ልጅ ሱፍዋን ጠይቆሻል፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ስታገቢም ማስተማሩን ትተሽ ቤትሽን ትይዣለሽ፣ ምን ትያለሽ ብሏት፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ዝም ብላለች። በይፋት ደግሞ ስለ ትዳር የተጠየቀች ጨዋ ልጅ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው፤ እምቢ የምትል ታለቅሳለች ወይም ተነስታ ትወጣለች። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ናጅዋ ያን ዕለት አስታወሰች። ሱፍዋን ለሮቢ ወንዝ የሽንኩርት ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ የሚሸጥና የሚጠግን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነው። ስሙን ከአባቷ አፍ ስትሰማ ደስታው ጆሮዋን ደፈነው። ከስሙ በኋላ የተባለውን ጨርሶ አልሰማችም። አንገቷን የደፋችው ለሱፍዋን ነበር፤ አባቷ ግን ሁለቱንም ነገር በአንድ ዝምታ አስሮ ይዞት ሄደ።

«ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ አባዬ። ሱፍዋንን አገባለሁ። ማስተማሬን ግን አልተውም።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ» አለ አብዱረሂም። «ያሕያ ከአጣዬ ድረስ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ፣ በዱዓ ተሳስረን ተለያይተን፣ አሁን ምን ብዬ ልመለስበት?»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሚያም እውነት ነበር። ቃሉን ቢያጥፍ በገበያው ማን ያምነዋል? እነ ያሕያ አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸው አብሮ ተቃጥሎባቸው፣ እንደገና ሠርተው፣ ገና ቀና ከማለታቸው የልጃቸውን ሠርግ ማጨናገፍ ምን ይባላል? ደግሞስ ጠይቋት ዝም ያለችው ማን ናት? ናጅዋን የቆጠቆጣት ይኸ የመጨረሻው ነው። ክፍል ገብታ ስትጠየቁ መልሱ እያለች የምታስተምረው እሷ፣ ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች። ቢሆንም በዚህ የምትሰበር አልነበረችም። ስህተቱ የኔም ከሆነ የማስተካክለውም እኔ ነኝ አለች ለራሷ።

ማታውን ለሱፍዋን ደወለችለት። እሱ ጨነቀው። አባትሽ ሲናገሩ አንቺ የፈለግሽው መስሎኝ ነበር አላት፤ ሽማግሌ ፊት እኔ ከአባቴ ቀድሜ ምን ልበል አላት፤ አሁን ዝም እንበልና ከኒካሑ በኋላ ሰው ሲረሳው ቀስ ብለሽ ትመለሻለሽ፣ እኔ አልከለክልሽም አላት። ቅን ልጅ ነው፤ ይኸን ሲላት ስጦታ የሰጣት ያህል ነው የተሰማው። ናጅዋ ግን አልተቀበለችውም።

«በጓሮ በር የገባ መብት በጓሮ በር ይወጣል» አለችው። «አንተ ዛሬ ብትፈቅድልኝ ነገ ሲከፋህ ትከለክለኛለህ። እኔ ፈቃድ አልፈልግም፤ የሚታወቅ ነገር እንዲሆን ነው የምፈልገው።»

የምታደርገውን የምታውቀው ከልጅነቷ ነው፤ መድረሳ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ስትቀራ ነው የተማረችው። ሙሽራ ኒካሑ ከመታሰሩ በፊት ሸርጥ ማስገባት ትችላለች፤ ማለትም ካልተከበረልኝ አላገባም የምትለውን ቅድመ ግዴታ በምስክር ፊት ታስነግራለች። በሠፈራቸው ይህን ያደረገች ሴት ትዝ አትላትም፤ ሕጉ ግን አለ። የእንግሊዟ ልጅ ሻንጣ ያነሳችው የሚጠይቃት አጥታ ነው። እኛ ዘንድ ጥያቄው ደጅ ድረስ ይመጣል፤ የጠፋው መልሱ ነው ስትል አሰበች።

ድንገተኛ እንዳይሆንበት ለአባቷ አስቀድማ ነገረችው። ሽማግሌ ፊት የወጣውን ቃል እርስዎ መመለስ ካልቻሉ፣ እኔ ሽማግሌ ፊት እመልሰዋለሁ አለችው። አብዱረሂም የሙሽራ ፍራቻ ነው፣ ያልፋል ብሎ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። እናቷ ሙሚና ያጠበችውን ልብስ እያጣጠፈች አጠገባቸው ነበረች። ቀና ብላ ልጇን አየቻትና ወደ ማጣጠፏ ተመለሰች።

የኒካሑ ቀን ዳሱ ግቢውን ሞላው። ወንዶቹ ዳሱ ሥር ናቸው፤ ኒካሑን የሚያስሩት ሸህ ሱሌይማን ከመካከል ተቀምጠው፣ የሚሉትን ከበር ውጪ የቆመውም ሰው እንዲሰማ ከሞንታርቦ ጋር የተገጠመ ማይክ ፊታቸው ተቀምጧል። ናጅዋ በሴቶቹ ክፍል ፊቷን ተሸፍና፣ በአንድ ጎኗ እናቷ በሌላው አክስቷ ሙሀባ ሆነው ትጠብቃለች። የአባቷ እህት ሙሀባ የዚህ ቤት የሥርዓት ጠባቂ ናት፤ በሙሽራ ፈንታ ለምስክሮች የምትመልሰውም እሷ ናት። ስለ ናጅዋ ሐሳብ ጭምጭምታ ስለደረሳት ከጧት ጀምሮ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት ስትደጋግምላት ነው የዋለችው።

ሁለቱ ምስክሮች በሩ ላይ ቆመው ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ። ሱፍዋን ያሕያን ለባልነት፣ አባቷንም ለወኪልነት ትቀበል እንደሆነ ጠየቁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንደ ልማዱ ዝምታው ትንሽ እንዲቆይ ይደረጋል። ሙሀባ ግን ያን ያህል አልጠበቀችም።

«ዝም ብላለች፤ ፈቅዳለች» አለች፤ ሴቶቹም ለእልልታ አፋቸውን ከፈቱ።

«ዝም አላልኩም።»

ናጅዋ መሸፈኛዋን ገልጣ ቆመች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ የምታስተምርበት ድምፅ ነው፤ ኋላ ወንበር ድረስ ይደርሳል።

«ሱፍዋንን ወድጄ ተቀብያለሁ። አባቴም ወኪሌ ነው። ሸርጥ ግን አለኝ፤ ማስተማሬን አልተውም። ትተዋለች የተባለው እኔ ያልኩት አይደለም። ይኸ ሸሁ ፊት ይነገርልኝ።»

ሙሀባ ቀሚሷን ይዛ ወደ ታች ጎተተቻት። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ብላ አጉረመረመች። ምስክሮቹ ተያዩ፤ አንደኛው የሚለው ሲጠፋው አልሐምዱሊላህ አለና ሁለቱም ወጡ። ከሴቶቹ እልል ያለችም የተቆጣችም የለች። ናጅዋ አሁን ፈራች። አባቷ ተነስቶ ሊወጣ ይችላል፤ ያሕያ ሰዎቹን ሰብስቦ ወደ አጣዬ ሊመለስ ይችላል፤ ሱፍዋንን ልታጣው ትችላለች። ይህን ሁሉ ታውቀው ነበር። ያወጣችውን ቃል ግን ልትመልሰው አልፈለገችም።

ዳሱ ሥር የሆነውን ሴቶቹ የሰሙት በሞንታርቦው ነው፤ ማይኩን ያጠፋ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የምስክሮቹ ድምፅ መጣ፤ ያለችውን ቃል በቃል ተናገሩ። ቀጥሎ ጉርምርምታ ሆነ። ከዚያ የያሕያ ጎርናና ድምፅ ተሰማ። እኛ መቼ ልጅቱ ሥራ ታቁም አልን፣ ያሉት አብዱረሂም ናቸው፤ እምቢ ብንል የልጃቸውን ደመወዝ የፈለግን ይመስልብናል ብለን ነው እሺ ያልነው አለ። አብዱረሂም ተንተባተበ። እኔማ እናንተ ፈልጋችሁ በይሉኝታ ያልተናገራችሁት መስሎኝ፣ ሳትጠይቁኝ ልቅደም ብዬ ነው አለ። አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አመለጠው።

«ሱብሓነላህ» አሉ ሸህ ሱሌይማን። «የሁለት ቤት ሽማግሌ ተሰብስቦ ማንም ያልፈለገውን ነገር አጸደቀ። ከመካከላችን የተናገረች አንዲት ልጅ ናት። አንተ ሱፍዋን፣ አንተም ዝም ነው የምትለው?»

«ተቀብያለሁ» አለ ሱፍዋን። ድምፁ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ከዚያ ተስተካከለ። «ከነሸርጧ ተቀብያለሁ።»

አብዱረሂም በልጁ ስም ቃል ከመስጠቱ በፊት ሸህ ሱሌይማን አስቆሙት። ምስክሮቹን መልሰው ላኳቸው፤ ከአክስቷ ሳይሆን ከራሷ አፍ ሰምታችሁ ኑ አሉ። ሁለቱ ምስክሮች ዳግም በሩ ላይ ቆመው ዳግም ጠየቁ። ሙሀባ በዚህኛው ጊዜ ከንፈሯን ገጥማ ወደ ግድግዳው አየች። ናጅዋ እሺ አለች። እልልታው ያን ጊዜ ቀለጠ፤ በሞንታርቦው ኒካሑ ሲታሰር ሸርጡም ሱፍዋን ከሚሰጣት ጥሎሽ፣ ከመህሩ፣ ጋር ተነገረ።

ሴቶቹ ምግብ ለማቅረብ ሲወጡ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ናጅዋ ቁጣ ጠበቀች። ሙሚና የተገለጠውን መሸፈኛ አነሳችና በልጇ ትከሻ ላይ አስተካከለችው።

«እኔም ያኔ በር ላይ ቆመው ጠይቀውኝ ነበር» አለች። «ዝም ብላለች ያሉት አማቴ ናቸው።»

«ምን ልትመልሺ ነበር፣ እማ?»

«እሺ ነበር የምለው። አባትሽን እወደው ነበር» አለች ሙሚና። «ግን ቃሉን በገዛ አፌ ባወጣው ደስ ይለኝ ነበር።»