ጥርሱ የሚታይበት ፎቶ

ዶክተር መልካሙ የሚስባህን መንጋጋ ከግራ ጆሮው ሥር ጀምሮ በጣቱ ጫፍ ሲዳስስ ቆየና ወደ ሀስና ዞረ። "የድሮ ፎቶ አላችሁ? እየሳቀ የተነሳው፣ ጥርሱ የሚታይበት።"

ሀስና ጆሮዋን ተጠራጠረች። ከመርሳ ወልድያ ድረስ የመጡት በመርፌ የተወሰደውን ናሙና ውጤት ለመስማት እንጂ ስለ ፎቶ ለማውራት አልነበረም። ውጤቱም ተነግሯቸዋል፤ የምራቅ ዕጢ ካንሰር። ባሏ ሚስባህ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ተቀበለው። እሷ ከጆሮው ሥር የወጣውን እብጠት ጆሮ ደግፍ ነው ብላ ስንት ጊዜ በቅቤ አሽታዋለች። ስለማያመው አንድም ቀን አልፈራችውም።

ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። ትልቁ የምራቅ ዕጢ ያለው ከጆሮ ፊት ለፊት ነው፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ደግሞ በመሐሉ ያልፋል። ሚስባህ ሲናገር ከንፈሩ በትንሹ ወደ ቀኝ ይሳባል። ተፈጥሮው ከሆነ ደግ፤ ቅርብ ጊዜ የመጣ ከሆነ ግን ካንሰሩ ነርቩን ነክቶት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ስፔሻሊስት ቀዶ ሕክምናውን ከመጀመሩ በፊት ይህን ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለውን እብጠት ያገኘ ሐኪም ሁሉ አይቀደውም፤ በዚህ ሥራ የተካነ ሰው ይፈልጋል። ነገ ሪፈር ሲጽፍ ፎቶውን አብሮ ይልከዋል። የከንፈሩ ነገር መቼ እንደጀመረም ጠይቋቸው ነበር። ሁለቱም አያውቁትም።

ወደ መርሳ ሲመለሱ ሀስና ሚኒባሱ ውስጥ ፎቶዎቹን በሐሳቧ አገላበጠች። የኒካሕ ፎቷቸው ላይ ሚስባህ ችሎት ፊት የቆመ ይመስላል። መታወቂያው ላይም እንደዚያው። የሚስቅባቸው ፎቶዎች ነበሩት፤ ሁሉንም የተነሳው ከቀድሞ ሚስቱ ከዓቢዳ ጋር ነው። ሀስና ትዳሩ ውስጥ በገባች በወሩ እሳት ውስጥ ጨመረቻቸው። ያኔ ያናደዳት የዓቢዳ መልክ አልነበረም፤ የእሱ ሳቅ ነው። ለእሷ እንዲያ ስቆላት አያውቅም።

"ዓቢዳ ዘንድ ይኖር ይሆናል" አለ ሚስባህ፣ ሲሪንቃን ሲያልፉ፣ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየ።

ያንን ስም ከአፉ መስማት አሁንም ይቆረቁራታል። ካንሰር በሰሙበት ቀን እንኳ ቅናቷ ፋታ አለመስጠቱ አሳፈራት። "አንተ አትሄድም" አለች። "እኔው እሄዳለሁ።"

እሱ መርሳ ወረደ፤ እሷ ወደ ውርጌሳ ቀጠለች። ዓቢዳን በልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ አገኘቻት። አርጅታ ትጠብቀኛለች ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ አላረጀችም። ሰላምታ ተለዋውጠው ሀስና ሁሉንም ነገረቻት። ዓቢዳ ሰምታ ስትጨርስ ምንም ሳትጠይቅ ጓዳ ገብታ ፎቶ ይዛ ተመለሰች።

ሚስባህ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከልቡ ይስቃል። ጭንቅላቱ ወደ ዓቢዳ ዘንበል ብሏል። ከንፈሩ በግራም በቀኝም እኩል ተስቧል። እንግዲያ ተፈጥሮው አልነበረም። ሀስና ለሐኪሙ የሚሆነውን አገኘች፤ የፈራችውም እሱኑ ነበር።

ዓቢዳ መቀሷን አነሳች። "እኔ ያለሁበትን ቆርጬ ላውጣው። እንዲህ ይዘሽው ብትሄጂ ይከብድሻል።"

ዓቢዳ መቀሱን ወረቀቱ ጫፍ ላይ አድርጋ ቆም አለች።

"ልንገርሽ። ከዒድ በኋላ መርሳ ገበያ ላይ አይቼው ነበር። ከሰው ጋር ሲሳሳቅ ግራ ዓይኑ እንደ ቀኙ አልጠበበም፤ ከንፈሩም ወደ አንድ ጎን ሄደ። ልደውልልሽ ስልክ ሁሉ አንስቼ ነበር።"

"ለምን አልደወልሽም?"

"አንቺን ፈርቼ።"

ሀስና ከሚስባህ ጋር አንድ ማዕድ እየቆረሰች ያላየችውን ይህቺ ሴት ከገበያ ማዶ አይታዋለች። ይህ አንገበገባት። ከዚያ ሁሉ ግን የባሰው፣ በእሷ ቅናት የተነሳ ሰው እያወቀ ዝም ማለቱ ነበር። ከዒድ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ሁሉ በከንቱ ሄዷል።

"መቀሱን አስቀምጪው" አለች። "ፎቶው እንዳለ ይሂድ።" ተቀብላት በሻርፗ ጠቀለለችውና እጇን በላዩ አድርጋ ቆየች። "ነገ ጠዋት ወልድያ ትመጫለሽ? ሐኪሙ መቼ እንደጀመረው ጠይቆናል። እኔ አላውቅም።"

ዓቢዳ ትክ ብላ አየቻት። "ኢንሻአላህ እመጣለሁ።"

ሀስና አመስግና ወጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች።

"ሚኒባሱ ውስጥ የምትቀመጪው ከእኔ ጎን ነው።"