ቦርሳውን በየትኛው እጅ?

ደም መቅጃ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ታካሚዎቹ በሌለሁበት «ቢንቢ» ይሉኛል፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። መርፌ የሚፈራ ሰው አያናድደኝም። ላብ ሲያጠምቀው አስተኛዋለሁ፣ ወሬ አስይዤም ሳያውቀው እጨርሳለሁ። የሚያናድደኝ አስታማሚ ነው። ሁሉን አዋቂ አስታማሚ።

ያን ዕለት ጠዋት የገባችው ልጅ ደግሞ የዋናዎቹ ዋና ነበረች። እናቷን ደግፋ አስገባች፣ ወንበሩን ራሷ አስተካከለች፣ ከእኔም ቀድማ «ከግራዋ ውሰጂላት ሲስተር፤ የግራዋ ይሻላል» አለች። ሲስተር እንዳልሆንኩ ለሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ።

እናትየው ከባድ ቦርሳቸውን በቀኝ እጃቸው አንጠልጥለው ነበር። ልጃቸው ልቀበልሽ ብትል እምቢ ብለው ወንበሩ ሥር አስቀመጡት። ግራ እጃቸው ከደረታቸው አልተላቀቀም።

«ልጄ፣ እስኪ ውሃ ግዢልኝ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ» አሉ። ልጅቷ እንደወጣች ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ግራዬን አትንኪብኝ። አምና በዚህ በኩል ጡቴን ወስደውታል። ከብብቴም እጢ አውጥተዋል። በዚህ እጅ መርፌም ሸክምም ክልክል ነው ተብያለሁ።»

«ልጅዎ አታውቅም?»

«ያኔ ትምህርት ላይ ነበረች፣ ሩቅ። እህቴ ጋ ነኝ እያልኩ በስልክ ሸነገልኳት። ብነግራት ጥላው ትመጣ ነበር። አሁንም አንድ ዓመት ይቀራታል፤ ነገ ትመለሳለች። እስክትሄድ ብቻ ሸፍኚልኝ፣ የኔ ልጅ።»

አንጀቴን በሉት። የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ሥራዬ ነው። መዋሸት ሥራዬ አይደለም፤ ግን ዋሸሁ። ልጅቷ ውሃውን ይዛ ስትመለስ ኮስተር ብዬ፣ «እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ከቀኝ ነው የሚወሰደው» አልኳት።

ቀኙ ግን ወዮ! አምና ያ ሁሉ የካንሰር መድኃኒት የገባበት ክንድ ነው። ላስቲኩን አስሬ በጣቴ ብፈልግ፣ ያገኘኋት አንዲት ደም ሥር እንደ ሽቦ ደርቃለች። ወጋሁ፤ ምንም። ክፍላችን ውስጥ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይወጋም፤ ከዚያ ለባልደረባ ይለቃል። ባልደረባዬ ብትመጣ ደግሞ በመጀመሪያ የምትለው «ግራውስ?» ነው። ስለዚህ አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ።

«ግራዋ ላይ ምን የመሰለ ደም ሥር እያለ!» አለች ልጅቷ። «እልህ ነው ወይስ ምን?»

«እህቴ፣ ቀጂዋ እኔ ነኝ።»

«የምትወጊያት ደግሞ እናቴ ናት!»

እውነቷን ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ ተረጋጋሁ። ውሃውን አጠጣኋቸው። ጓንት ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ ቋጥሬ፣ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ክንዳቸውን ወደ ታች አስዘረጋሁና ጠበቅኩ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ በንዴት ትተነፍሳለች። ቆይቶ ከአውራ ጣታቸው በላይ አንዲት ቀጭን ደም ሥር ብቅ አለች። ለሕፃናት የምንጠቀምበትን ቀጭን መርፌ አነሳሁ። እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደሙ ቀስ እያለ፣ እየተግደረደረ፣ ብልቃጡን ሞላ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ልጅቷን እንኳ ወደድኳት።

ጥጡን ለጥፌ፣ እንደ ልማዴ፣ ለሰው ሁሉ የምለውን አልኩ፦ «በዚህኛው እጅዎ ለጊዜው ከባድ ነገር እንዳይዙ።»

«በቃ ቦርሳውን በግራሽ ያዢው፣ እማዬ» አለች ልጅቷ። «እኔ ቀድሜ ታክሲ ላስቁም።»

እናትየው አልተንቀሳቀሱም። ቦርሳውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ቀኙን በገዛ አፌ ከልክዬባቸው ግራው ብቻ ቀረ። «እኔ አደርስልዎታለሁ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ያ ደግሞ ባሰ። የታካሚ ቦርሳ የምትሸከም ደም ቀጂ ማን አይቶ ያውቃል?

ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። እኔን አየች፣ የእናቷን ግራ እጅ አየች። ያ ሁሉ ጉልበቷ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«እማዬ» አለች፣ «ከመጣሁ ጀምሮ በአንድ እጅሽ ብቻ ነው ያቀፍሽኝ።»

እናትየው ወለሉን እያዩ፣ «ነገ መንገድ አለብሽ» አሉ።

«እሄዳለሁ። ትምህርቴንም እጨርሳለሁ፣ አትፍሪ።» ተመልሳ መጥታ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችና እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። «ግን አሳዪኝ።»

እናትየው በቀኝ እጃቸው የሹራባቸውን ቁልፍ መፍታት ሲጀምሩ ብልቃጡን ይዤ ወጣሁ፤ በሩንም ከኋላዬ ዘጋሁት። ወረፋ የያዙት አጉረመረሙ። አንዱ «ቢንቢ ዛሬ ምን ነካት?» ሲል ሰማሁ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ፤ ማንንም አላስገባሁም።