አምስት በረራ ለአንድ እሺታ

ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ የሸኘ ቤተሰብ በመተማ ምድር አላውቅም። ቢኖርም ልጁን የጠላ ነው። ልጅ እንደ ትርፍ ዕቃ «ይኸውና ውሰዷት» ተብላ አትሰጥም፤ ሽማግሌው መመላለስ አለበት፣ እኛም መግደርደር አለብን። ይህን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም። ደግሞስ ብከላከል ምን አለበት? በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሙሽሪት ወገን ተናጋሪ ሆኜ የኖርኩት እኔ አለነ ነኝ፤ ሰሊጥ ከማረስ ቀጥሎ የማውቀው ሥራ ቢኖር ሽማግሌ መመለስ ነው።

የታናሽ ወንድሜ የአምባው ልጅ እመቤት ሰባት ዓመት ዱባይ ሆቴል ውስጥ ስትሠራ ቆይታ፣ አብሯት የሚሠራ ፕራካሽ የተባለ የኔፓል ልጅ ልታገባ መሆኑን አስታወቀችን። ልጁ ለእሷ ሲል እዚያው ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ተጠምቋል፤ እናቷ ሀብትነሽ የጥምቀቱን ፎቶ ለጎረቤቱ ሁሉ ስታሳይ ከርማለች። በሃይማኖት በኩል የምናነሳው ነገር ሲጠፋ ለአምባው አንድ ምክር ሰጠሁት። «ሽማግሌ ይላኩ በላት» አልኩት። ከሂማላያ ተራራ ተነሥቶ ማን መተማ ይመጣል ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

መጡ። መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት የልጁ አባትና አጎት ከአገራቸው እስከ ጎንደር በአምስት አውሮፕላን፣ ከጎንደር ደግሞ በየኬላው እየተፈተሹ በመኪና፣ ወንድማገኝ የሚባል የጎንደር አስጎብኚ አስከትለው ደረሱ። ሁለት ቀጫጭን ሽማግሌዎች ናቸው፤ ባለጥለት ቆብ ደፍተው፣ በዚህ በእኛ ሙቀት ኮት ለብሰዋል። ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ልክ እንደ ደንቡ በራፍ ላይ ቆመው ግቡ እስኪባሉ ጠበቁ።

ሴቶቹ ጓዳ ገቡ፤ እኔ ከአምባው በስተቀኝ ተቀመጥኩና ሥራዬን ጀመርኩ። አጎትየው ጡረታ የወጣ መምህር ስለሆነ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ወንድማገኝ ያስተረጉማል። መሬታችሁ ምን ያህል ነው አልኩ። ተራራ ላይ በእርከን የተያዘ የሩዝ ማሳና የፖም ዛፍ እንዳላቸው ነገሩን። ዘራችሁን ቁጠሩ አልኩ፤ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፣ ወንድማገኝ ስሞቹ እያነቁት ተረጎመ። ደም የተቃባችሁት ሰው አለ ወይ አልኩ፤ የለም አሉ። ለዘር የሚተርፍ በሽታስ? እሱም የለም። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። አባትየው አንዳንዴ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኛል፣ ሌላ ጥያቄ የሚጠብቅ ይመስላል፤ እኔም ሌላ እየፈለግሁ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ ተነሣሁና ተናገርኩ። «ልጃችን ገና ልጅ ናት» አልኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ግን እንዲያ ነው የሚባለው። «ዘመድ አዝማዱ ከገለጉም ከሳንጃም ተሰብስቦ ሳይመክርበት እኛ አፋችንን ሞልተን ይህ ነው ልንላችሁ አንችልም። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።» ሁለቱ ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው እጅ ነሡና ወጡ። አምባው ዘወር ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬስ ተናገሩ!» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ አደርኩ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠላው ደርሷል፣ ሙክቱ ታስሯል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፤ የሚመጣ ሰው ግን የለም። ወንድማገኝ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ አለነ፣ ሰዎቹ እኮ ከእናንተ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን አገራቸው ገቡ» አለኝ።

«ቀጠሮ ሰጥተናቸው?»

«ቤታቸው እዚሁ ሽንፋ መሰለዎት እንዴ? ሂማላያ ነው።»

ቤቱ የትም ይሁን፣ ቀጠሮ ቀጠሮ ነው ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። እመቤት ግን የማንንም ስልክ አላነሣ አለች፤ ለእናቷ ብቻ በየሦስት ቀኑ «ደህና ነኝ» የሚል ጽሑፍ ትልካለች፣ ሌላ ምንም። ሀብትነሽ እህል ውኃ አስጠላት። አንድ ቀን አምባው ከሰው ፊት፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «እርስዎ ነዎት የመለሷቸው፤ እሺታውንም እርስዎ ይዘውላቸው ይሂዱ» አለኝ። ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የሙሽሪት ወገን እሺ ለማለት ባሕር ሲሻገር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም፣ ሳንጃ ቢሰማ መሳቂያ ነው የምንሆነው፤ ግን ምን ልመልስ? ልጅቱን እወዳታለሁ፤ አፌም እንደበላት ገብቶኛል።

ወደ ሙዓዝ ሄድኩ። ሙዓዝ ካርቱም ውስጥ የትኬት ቢሮ የነበረው ሰው ነው፤ ጦርነቱ ሲጀመር የድንበሩን ድልድይ በእግሩ ተሻግሮ መጣና አሁን ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ስልክ ይዞ ይቀመጣል። የዓለምን አየር ማረፊያ ሁሉ በቃሉ ያውቃል፤ ወደ ራሱ ከተማ ግን አውሮፕላን የለም።

«የት ነው የምትሄደው ያ አለነ?» አለኝ፣ እንደ አገሩ ልማድ በ«ያ» እየጠራኝ።

«ጁምላ።»

«ሰሊጥ ልትሸጥ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ በእነሱ ዐረብኛ ጁምላ ማለት ጅምላ ነው። ኔፓል ያለ የእነ ፕራካሽ ከተማ መሆኑን ስነግረው ሳቁን አቁሞ ስልኩን አወጣ። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዴልሂ፣ ከዴልሂ ካትማንዱ፣ ከካትማንዱ ኔፓልጉንጅ፣ ከኔፓልጉንጅ ጁምላ። አምስት በረራ።

«የመጨረሻዋ ትንሽ ናት» አለ። «አሥራ ምናምን ሰው ነው የምትይዝ። ጠዋት ብቻ ነው የምትበር፤ ከሰዓት በተራሮቹ መሃል ንፋስ ይነሣል።»

«ጠዋት ደመና ቢሆንስ?»

«አትነሣም።»

«ተነሥታ ደመና ቢገጥማትስ?»

«ትመለሳለች።»

«ካልተመለሰችስ?»

ሙዓዝ ቀና ብሎ አየኝ። በስድሳ አንድ ዓመቴ አውሮፕላን ረግጬ እንደማላውቅ ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ እሱ ግን ወዲያው ገባው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመኪና መንገድ የለም ወይ አልኩት። አለ አለኝ፤ በገደል አፋፍ ሁለት ቀን ያስኬዳል። ከፍታው የት ድረስ ነው ብዬ ጠየቅሁ፣ ትንፋሽ ያጥራል ሲባል ሰምቻለሁ። ፈልጎ ቁጥሩን አነበበልኝ። አያቴ ወደዚህ ቆላ የወረደበት ደባርቅ ከዚያ ይበልጣል! ለካ እኛ ስንንቀጠቀጥለት የከረምነው የዓለም ጣሪያ ከአያቴ ግቢ ዝቅ ያለ ነው። ፍርሃቴ ግን በዚህ አልቀነሰም።

«ለጥቅምት አምስት ልያዝልህ» አለ ሙዓዝ። «ጥቅምት እዚያ ሰማዩ እንደ መስታወት ነው፣ አውሮፕላን አይቀርም።»

«ጥቅምት ሰሊጥ ነው!» አልኩት።

ይህ ሰበብ አይደለም። ሰሊጥ ፍሬው ከመፈንዳቱ በፊት ካልታጨደ ሁለት ቀን አይታገሥም፣ እንዳለ መሬት ላይ ነው የሚረግፈው። የቀን ሠራተኞቹ ከጎጃምና ከወሎ ገብተዋል፤ ባለቤቱ ዓይናቸው ሥር ካልቆመ ሌላ እርሻ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለጥቅምት ሃያ ይሁን አልኩ። ጥቅምት ሃያ ሲቃረብ ነዶው ክምር ላይ ነበርና ለኅዳር ስምንት ይሁን አልኩ። ለኅዳር ስምንት ደግሞ ቪዛው አልደረሰም፤ ከሌላ አገር ነው የሚመጣ። በውስጤ እሰይ ብያለሁ፤ ለአምባው ግን ራሴን እየነቀነቅሁ ነው የነገርኩት።

«ያ አለነ፣» አለኝ ሙዓዝ በሦስተኛው ለውጥ፣ «ካርቱም እያለሁ ብዙ መንገደኛ አይቻለሁ። አንተ ግን የምትሄድ ሰው አትመስለኝም።»

ተቆጣሁ። ያን ቀን ለኅዳር ሃያ አምስት ቁርጥ አድርጌ አስያዝኩ፣ ትኬቱም ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በቀረኝ ጊዜ ዋናውን ነገር አዘጋጀሁ፤ የእሺታውን ንግግር። አራት ገጽ ወጣው። አመጣጣችንን፣ የአባቶቻችንን ስም፣ እንዴት እንደተመካከርንበት፣ በመጨረሻም ልጃችንን በደስታ መስጠታችንን በወጉ ጻፍኩት። ለወንድማገኝም ወደ እንግሊዝኛ እንዲያዞረው ላክሁለት።

ኅዳር ሃያ አምባው ቤት ተሰብስበን ዕቃ እንመዝን ነበር። ትንሿ አውሮፕላን ከአሥራ አምስት ኪሎ በላይ አትቀበልም ተብሏል። ሀብትነሽ የሸከፈችውን በሰሊጥ ሚዛኔ ላይ ስናወጣው ሠላሳ አንድ ኪሎ ሆነ፤ እመቤት ለሠርጓ እዚያ ስትመጣ ይደርሳታል ብላ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማር፣ ጋቢ፣ ለአማቲቱ የሀበሻ ቀሚስ። በርበሬውን ቀንሺ አልኳት። «ልጄ በርበሬ ካየች ሰባት ዓመቷ ነው፤ እርስዎ ይቀንሱ» አለችኝ፣ ወፍራም ሆዴን እያየች። በዚህ ስንሳሳቅ ስልኬ ጠራ። እመቤት ናት፣ በምስል።

«ጋሼ፣ ትኬት ቆረጡ አሉኝ።»

«ቆርጫለሁ እንጂ! የዛሬ አምስት ቀን እነሣለሁ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«እሺ ልላቸው ነዋ። የመጀመሪያው ቀን እንቢታ ወግ ነው እንጂ መመለስ እንዳልሆነ ሰዎቹ አልገባቸውም።»

ከኋላዋ የድንጋይ ግድግዳ ይታያል፣ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ ዱባይ አይመስልም።

«ገብቷቸዋል» አለች። «እኔው ነግሬያቸው ነው የመጡት። በራፍ ላይ ቁሙ፣ ይጠይቋችኋል፣ ይመልሷችኋል፣ ቀጠሮ ይሰጧችኋል ብያቸዋለሁ። ጎንደር አሥራ አምስት ቀን ሊቀመጡ ነበር ሐሳባቸው።»

«ታዲያ ምን አስቸኮላቸው?»

«በዱባይ በኩል ነበር የመጡት፣ ጋሼ። እናንተ ቤት ከመግባታቸው ከአራት ቀን በፊት እኔን አይተውኝ ነበር። አማቼ ምን አለኝ መሰለዎት? ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ መሬት ጠየቁን፣ ስለ አጥንት ጠየቁን፣ እሷስ እንዴት ናት ያለን ሰው ግን የለም አለኝ። ይጠይቁኛል እያለ ሲጠብቅ ነበር አሉ። ሲመለሱ ለፕራካሽ፣ ይቺን ልጅ ከማንም አንለምናትም፣ ቶሎ ወደ ቤቷ አምጣት አሉት።»

«ሠርጉስ?» አልኩ።

«ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጁምላ ሆነ። አጎቱ በእኔ ወገን ተቀመጠልኝ፣ ወገን የላትም እንዳልባል።»

አምባው ዳር ላይ ሆኖ ሰምቷል። እጁ ላይ የነበረውን የማር ቆርቆሮ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ልጁ ስትዳር በእሱ ቦታ የተቀመጠው ቋንቋዋን የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ያውም እየተመሰገንኩ።

«እመቤቴ፣» አልኩ፣ «ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ» አለች። ለመንገደኛ የሚመለስ መልስ ነበር።

ሀብትነሽ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ፈቃድም አልጠየቀችኝ። «ከስተሻል አይደል?» አለች። «ያ ሹራብ የማን ነው? ብርዱ ያስተኛሻል? ጠዋት ምንድን ነው የሚያበሉሽ? አማትሽስ ክፉ ናት?» ሳትተነፍስ ነው የምትጠይቅ። እመቤት መጀመሪያ ባጭር ባጭሩ መለሰች። አማቷ ላይ ሲደርሱ ሳቀች፣ ክፉ አይደለችም፣ ጣቴን እየያዘች ሩዝ መልቀም ታስተምረኛለች አለች። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና «እማዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ሰው ሁሉ እንዴት ነሽ እያለ ሲጠይቀኝ ነው የምውል» ብላ አለቀሰች።

አምባው ሄዶ ከሚስቱ ጀርባ ቆመ። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ቀረሁ። አራቱን ገጽ ከኪሴ አወጣሁና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። የሰባት ትውልድ ስም አለበት፤ የእመቤት ስም ግን አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልነበረም።