የማይጮኸው

ባለጋሪው ሁለት ፈረሶች ነበሩት። አንዷ ዳማ ናት፤ ወጣት፣ ጉልበታም፣ ትንሽም ቀበጥ። ሌላው ዕድሜ የጠገበ ነጭ ፈረስ ነው፤ ቤተሰቡ «ሽማግሌው» ይለዋል። ዳማዋ ጋሪ መሳብ የተማረችው ከእሱ ጎን ተጠምዳ ነው። አንድ ቀን ግን የሽማግሌው የፊት እግር አበጠ። የእንስሳት ሐኪሙ ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰና «ይሄ ፈረስ ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥቷል» አለ። እንግዲህ ከወፍጮ ቤት ወደ ዳቦ ቤት ዱቄት የማመላለሱን ሥራ ዳማዋ ብቻዋን ልትወጣው ነው።

ብቻዋን! ገና ከግቢው በር ስትወጣ አንገቷን አዙራ ታሽካካለች፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ከዚያ ጋሪውን እንደጎተተች ወደ ቤት። አንድ ጊዜማ ዱቄቱን መንገድ ላይ ዘርግፋ፣ ባለጋሪውን ከራስ እስከ እግሩ ነጭ አድርጋ ተመለሰች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደህና ሰው ነው፤ ግን እሱም መረረው።

«ወዳጄ፣ እኔ የማቦካው ዱቄት ነው እንጂ ይቅርታ አይደለም። ካልተስተካከለች መኪና እከራያለሁ።»

ሥራው ከቀረ ሁለት ፈረስ መቀለብ የማይታሰብ ነው። አንዱ መሸጡ አይቀርም፤ የሚሸጠው ደግሞ ሽማግሌው ነው። አንካሳ ፈረስ የሚገዛ ሰው ለቆዳው ብሎ እንደሚገዛው ባለጋሪው አያጣውም። ይህን ሲያስብ የቀረበለትን እህል ሳይጨርስ ይነሣል።

ጎረቤቶቹ «በአለንጋ ግረፋት» አሉት። «ናፍቆት በአለንጋ ሲወጣ የት አይታችኋል?» አለና የራሱን መላ ያዘ። እስከ በሩ ይወስዳትና ሳትጮህ ይመልሳታል። በማግስቱ እስከ ጎረቤት አጥር፤ ከዚያ እስከ መታጠፊያው፤ እዚያ ገብሷን ያበላታል። ከጮኸች አርቋታል ማለት ነውና በሚቀጥለው ቀን ያሳጥረዋል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በመስኮት እያየች ትስቅበት ነበር።

«ምነው፣ እኔን ከእናቴ ቤት ስታወጣኝ እንዲህ አባብለኸኛል?»

«አንቺማ ጓዝሽን ሸክፈሽ በር ላይ ነበር የጠበቅሽኝ!»

«ወግድልኝ!»

በመጨረሻ ያ የተመኘው ቀን መጣ። ዳማዋ ከወፍጮ ቤቱ ጭና ዳቦ ቤት ድረስ አንዴም ሳታሽካካ ደርሳ ተመለሰች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ትኩስ ዳቦ ቆርሶ በእጁ አጎረሳት። ባለጋሪው በደስታ ክንፍ አውጥቶ ቤቱ ገባና በቀጥታ ወደ በረቱ ሄደ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ልጅቷ ለቁም ነገር በቃችልህ!»

ሽማግሌው ከበሩ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ገንዳው ጠዋት እንደተሞላ ነው። ባለጋሪው ገብሱን በእጁ ሲያገላብጠው ከሥር የከረመው ሻግቷል። የፈረሱን ጎን ቢዳስስ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ተቆጠረለት። ስንት ቀን ሙሉ በፊቱ ሲያልፍ ኖሮ፣ ያየው ዛሬ ነው። አፈረ።

ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«እግሩ አሞት መስሎኝ ዝም አልኩህ» አለች። «ለካ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን እሷ ውጭ ስትጮህ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይሰማትና ወደ ገብሱ ይመለስ ነበር። ጩኸቷ እየቀነሰ ሲመጣ እሱም መብላቱን ቀነሰ። ዛሬ ጭራሽ ዝም ብላ ስትሄድ፣ እሱም ጭራሽ ተወው።»

«ታዲያ እሱ ለምን አይጮህም?»

«እኔ ምን አውቄ! ሁሉም አይጮህም።»

ባለጋሪው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌውን ላለመሸጥ ብሎ ነው ይህን ሁሉ የደከመው፤ በገዛ እጁ ግን የሚጽናናበትን ድምፅ ነጠቀው። ከዚያ ተነሣና ገንዳውን ጠርጎ አዲስ ገብስ አደረገበት።

ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ እንደገና ተጀመረ፤ የዛሬው ተማሪ ሽማግሌው ነው። እሱ ስለማይጮህ ዳማዋ የት ድረስ መራቅ እንደምትችል የሚያሳውቅ የለም። ስለዚህ ሚስቱ ስፌቷን ትታ መስኮቱ ላይ ቆመች፤ ሥራዋ የሽማግሌውን መንጋጋ ማየት ነው። ባለጋሪው ዳማዋን በልጓሟ ይዞ ከበሩ ወጣ።

«እያኘከ ነው!» አለች ሚስቱ።

ትንሽ ራመድ አሉ።

«እያኘከ ነው! ሂድ! ... ቆይ፣ ቆይ! ተወ፣ ተመለስ!»

ባለጋሪው ልጓሙን ወደ ቤት አዞረ። ዳማዋ ግን እግሯን ተክላ አልንቀሳቀስ አለች፤ አንገቷን ወደ ዳቦ ቤቱ መንገድ ትስባለች።

«ነይ እንጂ፣ የኔ እናት» እያለ ለመናት። «ለአንቺ ስንት ጊዜ ተመለስን።»

ጎትቶ፣ ገፍቶ፣ አባብሎ ወደ ግቢው አስገባት። ሽማግሌው ሲያያት አንገቱን ወደ ገንዳው ደፋ።